በሴፍቲኔት «ተመረቀ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጎንደር ከተማ ውስጥ «ልጁ ተመረቀ» ሲባል ጥቁር ካባና ድግስ ይታየናል። ምሥራቅ በለሳ ላይ ግን አንድ ገበሬ «ተመረቅሁ» ካለ፣ ሲሰጠው የነበረው እህል ወይም ገንዘብ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለት በፊት ማጣራት ሳይሻል አይቀርም።

ቃሉ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችል ሰው ያለው ድሃ ቤተሰብ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ክፍያ ያገኛል፤ አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ቤተሰቡ ተመረቀ የሚባለው ድጋፉ ባይኖርም 12ቱንም ወር ራሱን መመገብ ሲችል፣ በዚያም ላይ መጠነኛ ችግር ቢመጣ መቋቋም ሲችል ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም። በጥጋብ ዘመን ጎተራው ሞልቶ፣ ዝናብ ትንሽ በዘገየ ጊዜ የእርሻ በሬውን ለእህል የሚሸጥ ሰው በመስፈርቱ መሠረት አልተመረቀም።

ብዙ ሰው ምረቃን ከድህነት መውጣት አድርጎ ይወስደዋል፤ ትልቁ ግርታ ይህ ይመስለኛል። መስፈርቱ የሚናገረው ስለ ምግብ ነው። ምግቡን የቻለ ቤተሰብ ጣሪያው ሊያፈስ፣ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ሊያጥረው ይችላል።