ፒ-ቫልዩ ምን ይነግረናል፣ ምንስ አይነግረንም?

በሕክምናም ሆነ በምጣኔ ሀብት ጥናቶች ውስጥ «ውጤቱ ስታቲስቲካዊ ትርጉም አለው፤ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥም፣ ብዙ አንባቢ «ግኝቱ 95 በመቶ እውነት ነው» ብሎ ይረዳዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ፒ-ቫልዩ የሚለካው፣ በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመታየት ዕድሉን ነው። አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ተወርውሮ 9 ጊዜ ዘውድ ወጣ እንበል። ሳንቲሙ ያልተዛባ ከሆነ፣ ዘውድ 9 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የመውጣቱ ዕድል ከ1,024 ውስጥ 11፣ ማለትም 1.1 በመቶ ገደማ ነው። ስሌቱ የተነሣው ሳንቲሙ ያልተዛባ ነው ከሚል ግምት በመሆኑ፣ ሳንቲሙ የተዛባ የመሆኑን ዕድል መልሶ ሊነግረን አይችልም።

የ0.05 ወሰንም ቢሆን እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ለአመቺነቱ ሲል ያስለመደው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የቅንጣት ፊዚክስ ሊቃውንት አዲስ ቅንጣት አገኘን ለማለት ፒ-ቫልዩው ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ።

«ትርጉም አለው» የሚለው አገላለጽ ራሱ፣ በእኔ አስተያየት፣ አሳሳች ነው፤ በብዙ ሺህ ታካሚዎች ላይ የተሞከረ መድኃኒት የደም ግፊትን በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ፒ-ቫልዩው እጅግ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለታካሚው ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ ላይሆን ይችላል።