ማሳ ምንድን ነው? የመኪና የውስጥ መብራት እምቢ ሲል

"ማሳው ምንም አይደለም፤ ዋናው ፖዘቲቩ ነው።"

ይህችን አባባል በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማኋት። የመጨረሻው እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ በቆመ መኪና ዙሪያ ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ ያላት ነው። ሰውየው ሥራ የማያውቅ አይደለም። ግን ይህች አባባል የስንቱን ኪስ እንዳራቆተች ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መኪናው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) የሠራው፣ እ.ኤ.አ. የ1968 ካማሮ ነው። ባለቤቱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አጎቱ አሜሪካ ኖረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት መኪና ነው። ሁለት ዓመት ባትላሜራ ቤት ከርሟል። ዝገቱ ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ላሜራ ተበየደለት፣ ተስተካከለ፣ ቀለም ተቀባ። በእውነት ያምራል። በሩ ላይ ፊትህን ታይበታለህ። ሞተሩ ይነሳል፣ የፊት መብራቱም ይበራል። የውስጡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የጣራው አምፖል በር ሲከፈት እንደ ጧፍ ጭል ጭል ይላል። የዳሽቦርዱ መብራት ደግሞ ፍሬቻ ሲበራ አብሮ ይርገበገባል።

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሦስት አምፖል ተቀይሯል። ከባትሪው አዲስ የፖዘቲቭ ሽቦ በምንጣፉ ሥር ተጎትቷል። ኮረንቲ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድነው ፊውዝም ወደ 30 አምፔር አድጓል። መብራቱ ግን ያው ነው።

ማሳ ማለት ኮረንቲ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ይኸው ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር ስለታሰረ፣ ሻንሲውና ላሜራው በሙሉ አንድ ትልቅ የመመለሻ ሽቦ ሆኗል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሽቦ ከሚጎትት አንዱን በቦዲው ተክቶ ገላገለን።

ስሙም ራሱ ሰው ያሳስታል። "ማሳ ማለት የእርሻ ማሳ ነው፤ መሬት ማለት ነው፤ መኪና ደግሞ ጎማ ላይ ስለቆመ ማሳ የለውም" ሲል የሰማሁት ሰው አለ። አይደለም። ቃሉን እንደ ፍሬቻና እንደ ካቻቢቴ ከጣሊያን ጋራዥ ነው የወረስነው። ጣሊያኖቹ ማሳ ሲሉ አካሉን፣ ግዙፉን ብረት ማለታቸው ነው። ለመሬት ሌላ ቃል አላቸው፤ ቴራ ይሉታል። ሁለቱን አያምታቱም፤ እኛም ማምታታት የለብንም። አውሮፕላን ሰማይ ላይ እያለ መብራቱ ይበራል። የትኛው መሬት ላይ ታስሮ ነው?

በነገራችን ላይ ቤታችሁ ያለው የምድር ሽቦም ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ደህና ቀን ላይ ኮረንቲ አይሸከምም፤ ብልሽት ሲፈጠር ሰው እንዳይሞት የተቀመጠ ነው። የመኪና ማሳ ግን መብራት በበራ ቁጥር ሥራ ላይ ነው። እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ የቤት 220 ቮልት እንዳትነኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ኮረንቲ አምፖሉ ውስጥ ገብቶ የሚያልቅ ይመስለዋል። ማሳው ደግሞ የተረፈው የሚደፋበት ቦታ ይመስለዋል። ስለዚህ "ብትላላም ግድ የለም" ይላል። በፖዘቲቩ አንድ አምፔር ከሄደ በማሳው የሚመለሰው አንድ አምፔር ነው። አንዲት ቅንጣት አትጎድልም።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሱትን ሚኒባሶች አስቡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ባትሪው ነው፣ ኮምቦልቻ አምፖሉ። ሚኒባሶቹ ኮረንቲው ናቸው፣ ተሳፋሪዎቹ ጉልበቱ። ተሳፋሪው ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ሥራ የሚሠራው፣ ብርሃን የሚሆነው እሱ ነው። ሚኒባሱ ግን እዚያ አይቀርም። አሥር ከወረዱ አሥር ይመለሳሉ።

ሐምሌ ላይ ሐረጎ ጋ ናዳ ወረደና የመመለሻው መስመር ተዘጋ እንበል። መውረጃው ክፍት ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ባዶ ሚኒባስ ይሞላል። ደሴ መናኸሪያ ደግሞ ሰው ተሰልፎ መኪና የለም። በዚህ ሰዓት አንዱ ተነስቶ "ሁለተኛ መውረጃ መንገድ እንሥራ" ቢል ምን ትሉታላችሁ? ያ በምንጣፉ ሥር የተጎተተው አዲስ ሽቦ ይኸው ነው። ፊውዙን 30 ማድረግ ደግሞ የትራፊክ ፖሊሱን ከመንገዱ ማንሳት ነው። ናዳውን አያነሳም። አደጋ ሲመጣ ግን የሚያስቆም አይኖርም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ሽቦ ውስጥ ኮረንቲው ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ አይከማችም። ሚኒባሶቹ ሁሉ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ናቸው ብላችሁ አስቡ። ሐረጎ ላይ አንዱ ሲቆም ደሴ ያለውም እዚያው ይቆማል። ናዳው ግማሹን ብቻ ከዘጋ ሁሉም በዝግታ ይሄዳሉ። ጭል ጭል የሚል መብራት ይህ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለምን በታደሰ መኪና ላይ ይበዛል? በቀለሙ ነው። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ብረት ከብረት የሚነካካባቸው ቦታዎች ነበሩት። ስናድሰው ሁሉንም ሸፍነን፣ አሳምረን፣ መመለሻውን ዘጋነው።

ካማሮ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የዚያን ዘመን የጂኤም መኪኖች የውስጥ መብራት ፖዘቲቭ ሁልጊዜ አለው፤ ብርቱካናማው ሽቦ ነው። የበሩ ስዊች የሚቆርጠውና የሚያገናኘው ማሳውን ነው፤ እሱ ነጩ ሽቦ ነው። ስዊቹ ራሱ በበሩ ምሰሶ ላይ የተሰካ ብረት ነው፤ ማሳ የሚያገኘው ከተሰካበት ላሜራ ነው። ያንን ቀዳዳ እስከ ውስጡ ቀለም ከቀባችሁት አለቀ። ቮልስ የሠራ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል፤ እሱም ላይ በሩ የሚያገናኘው ማሳውን ነው።

የዚያው ዘመን የፎርድ ሙስታንግ ግን ተቃራኒው ነው። ፎርድ በበሩ ስዊች የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ነው። ለዚህ ነው "ሽቦውን ነቅለህ ቦዲው ላይ ንካው፣ ከበራ ስዊቹ ነው" የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ። ካማሮ ላይ ነጩን ብትነኩት አምፖሉ ይበራል። ሙስታንግ ላይ ቀጥታ የሚመጣውን ብትነኩት ፊውዝ ይበላል። ያ 30 የተደረገ ፊውዝ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ቀድሞ ይነድዳል።

ወደ ደሴው ካማሮ ልመለስ። መጀመሪያ የዋናውን መብራት ማብሪያ ወደ ግራ እስከ ጥግ አዞርኩት። በእነዚህ መኪኖች ይህ በሩ ሳይከፈት የውስጡን መብራት ያበራል፤ ነጩን ሽቦ በሌላ በኩል ከማሳ ያገናኘዋል። የጣራው አምፖል ወዲያው ፍክት አለ። አምፖሉም ፖዘቲቩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ባለቤቱን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ በርቷል።

ማብሪያውን ወደ ቦታው መለስኩት። ቀጥሎ ቴስተር፣ የቮልት መለኪያው። ጥቁሩን ጫፍ በረጅም ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰርኩ። በሩ ክፍት ነው፣ መብራቱ ጭል ጭል ይላል። ቀዩን የስዊቹ ብረት ላይ አሳረፍኩት፤ 3.6 ቮልት። ከስዊቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ራቅ ብዬ የበሩ ማሸጊያ ጎማ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ቀለሙን በመርፌ ጫር አደረግሁና ላሜራውን ነካሁት፤ 0.04። ናዳው በዚያች አንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው።

ባትሪው 12.6 ነበር። 3.6ቱ ቀለሙ ላይ ሲቀር ለአምፖሉ 9 ይደርሰዋል። "9 ቮልት ምን አነሰው?" የሚል ይኖራል። የክር አምፖል እንደዚያ አይደለም። ቮልቱ በሩብ ገደማ ሲጎድል ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

አደራ፣ ይህን ልኬት መብራቱ በርቶ ብቻ ውሰዱት። ጠፍቶ ሳለ በኦም የሚለኩ አሉ። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ በኦም ልኬት ደህና ይመስላል፤ አንድ አምፔር ሲጫንበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ያቺ 211 የምትባለው የጣራ አምፖል የምትፈልገው አንድ አምፔር ገደማ ነው።

ጥገናው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ስዊቹን ነቀልኩ። የቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪወጣ ፈገፈግሁት፤ የሳንቲም ስፋት ይበቃል። ስዊቹን መልሼ ካጠበቅሁ በኋላ ዙሪያውን ስስ ቫዝሊን ቀባሁት። የደሴ ጉምና እርጥበት የተራቆተ ብረት አይምርም። ቀለም ቀቢው ትንሽ ቅር አለው። በሩ ሲዘጋ ግን አይታይም።

ዳሽቦርዱም ችግሩ ያው ነው። ጌጆቹ፣ ማለትም መለኪያዎቹ፣ የተቀመጡት ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ማሳቸውን የሚያገኙት በአንዲት ጥቁር ሽቦ ነው። እሷ የታሰረችበት ብሎን ሥር ቀለም ነበር። የፍሬቻዋ አምፖል መመለሻ ስታጣ በጎረቤቶቿ አምፖሎች በኩል አሳብራ ትመለሳለች። መርገብገቡ ከዚያ ነው። ብሎኑን አውጥቼ፣ ሥሩን ፍቄ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገባሁ።

ስለ ሞተሩም ልናገር፣ ባልጠየቅም። ሞተሩን ከቦዲው ጋር የምታገናኝ የተጎነጎነች የማሳ ገመድ አለች። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ያኔ ኮረንቲው በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል። ገመዱ ሲግል፣ ሲቀልጥም አይቻለሁ። ብየዳ ሲኖር ደግሞ ባትሪውን ፍቱ፤ የብየዳውን ማሳ መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ አድርጉት።

መጨረሻ ላይ በምንጣፉ ሥር የተጎተተውን ሽቦ ጠቅልዬ አወጣሁት። ፊውዙንም በሳጥኑ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር መለስኩት። ሊመሽ ሲል ልጁ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ከዚያ መብራቱን እያየ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።