ቁልፍ ቃል በፍለጋ ሞተር

ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ጉግል ላይ የሚጽፈው ሁሉ ቁልፍ ቃል ይባላል። «ቃል» ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ ሐረግ ነው፤ አንዳንዴም ሙሉ ጥያቄ። ኤስኢኦ፣ ማለትም ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ወደ ላይ እንዲወጣ የማድረግ ሥራ፣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገጹ «የኩላሊት ሕመም ሕክምና» እያለ ፈላጊው «ጎኔን ያመኛል» ብሎ ከጻፈ ሁለቱ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ካረን ስፓርክ ጆንስ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ፣ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል ለፍለጋ የበለጠ ክብደት እንዳለው አሳየች። «እና» የሌለችበት ጽሑፍ የለም፤ ስለዚህ ምንም አትለይም። «ኩላሊት» ግን ትለያለች። የዛሬ ባለሙያዎች የሷን ውለታ ብዙም አያነሱም።

በ1990ዎቹ ነገሩ ቀላል ነበር። አልታቪስታ የተባለው የፍለጋ ሞተር በ1995 ሲጀመር፣ ፍለጋ በአብዛኛው ገጹ ላይ ባሉት ቃላት ላይ የተመሠረተ ነበር። የገጹ ባለቤት ቁልፍ ቃላቱን ለሞተሩ የሚዘረዝርበት ስውር ቦታም ነበረው፤ ሜታ ኪይወርድ ይባላል። ማጭበርበሩም አብሮ መጣ። ነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም አንዱን ቃል መቶ ጊዜ የሚደጋግም ሞልቶ ነበር። በ1998 የተመሠረተው ጉግል ሌሎች ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚልኩትን ሊንክ መመዘን ሲጀምር ጨዋታው ተቀየረ። በ2009 ደግሞ ሜታ ኪይወርድን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። ዛሬም በትጋት የሚሞሉት አሉ!

ቃሉ በገጹ ላይ ስንት በመቶ ይሁን የሚለው ክርክር አላለቀም። ለዚህ ጸሐፊ ግን ቁጥሩ ተረት ነው።

ይልቅ የሚጠቅመው ፍላጎትን መለየት ነው። አንድሬ ብሮደር የተባለ ተመራማሪ በ2002 ፍለጋዎችን በሦስት ከፈላቸው። «ፌስቡክ መግቢያ» የሚል ሰው መድረሻውን ያውቃል። «ላፕቶፕ ለምን ይሞቃል» ባዩ ማወቅ ይፈልጋል። «ላፕቶፕ ግዢ» የሚለው ደግሞ አንድ ነገር ሊፈጽም ነው። እንደ «ጫማ» ያለ አጭር ቃል ፈላጊው ብዙ፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። «ለጠፍጣፋ እግር የሚሆን የሩጫ ጫማ» የሚል ፈላጊ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገውን ግን ያውቃል።

የጉግል ማሻሻያዎች የሆኑት ሃሚንግበርድ በ2013፣ ቢኢአርቲ በ2019 መጥተው ሞተሩ የዓረፍተ ነገርን ትርጉም ይበልጥ እንዲረዳ አደረጉ።

ባለሙያውን ያስቆጨው ግን ሌላ ነው። ከ2011 ጀምሮ ጉግል ፍለጋን ኢንክሪፕት ማድረግ፣ ማለትም ሌላ እንዳያነበው በምስጢር ኮድ መቆለፍ፣ ያዘ። ጎብኚው በየትኛው ቃል እንደመጣ ለድረ ገጹ ባለቤት ይታይ የነበረው ቀስ በቀስ ጠፋ። አሁን ሰርች ኮንሶል በተባለው የጉግል መሣሪያ ላይ የሚገኘው ከፊሉ ብቻ ነው።