የትምህርት ቤት ምገባ ለማን ነው?

አራት ኪሎ ታክሲ ስንጠብቅ ጎረቤቴ «ልጄ ምገባ እንዲገባ ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ላጽፍ እንዴ?» አለችኝ። ኧረ አያስፈልግም! ምገባው ለድሆች እንደሚሰጠው የሴፍቲኔት ድጋፍ ቤተሰብ አይመርጥም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የጀመረው ሲሆን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ መደበኛና መጀመሪያ ደረጃ የሚማር ልጅ፣ አባቱ ሊስትሮም ይሁን ባለሱቅ፣ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ግን ከምሳ ዕቃ አታመልጡም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው «ምግቡን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው» የሚለው ወሬ ነው። ምግቡን የሚሠሩት እናቶች በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፤ ተደራጅተው ይከፈላቸዋል። «ልርዳ» ብላችሁም ዘው ብላችሁ ማማሰያ አታነሡም፣ ምግብ የሚነካ ሰው የጤና ምርመራ አለበት።

ጎረቤቴ ይኼን ሁሉ ሰምታ ዛሬም የልጇ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ ሸጉጣለች።