ሃስኪ፣ ማላሙትና ሌሎች የስፒትዝ ዘሮች፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ አያያዛቸው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሱሉልታም ይሁን በለገጣፎ፣ በቡራዩም ይሁን በሰንዳፋ፣ ግቢ ያለው ሰው የፈረንጅ ውሻ ሲያምረው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሃስኪ ላይ ነው። ሰማያዊ ዓይን፣ ተኩላ የመሰለ ፊት፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር። ቡችላው ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የበረዶ አገር ውሻ የእኛን ሙቀት ይችለዋል?»

በደጋው ይችለዋል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው አገር ለእነዚህ ውሾች የተመቸ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እዚህ የሚጎዳቸው ሌላ ነው፤ የምንሰጣቸው ምግብ፣ ሥራ መፍታትና የላላ አጥር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘሮቹ

ስፒትዝ የአንድ ዘር ስም አይደለም፤ የሰፊ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ ሦስት ማዕዘን ጆሮ፣ ሾጠጥ ያለ አፍ፣ ወደ ጀርባ የተጠቀለለ ጭራና ድርብ ፀጉር የቤተሰቡ ምልክቶች ናቸው። የበረዶ ጋሪ ጎታቾቹ ሃስኪ፣ ማላሙትና ሳሞይድ እዚህ ይመደባሉ። የጃፓኖቹ አኪታና ሺባ፣ የቻይናው ቻውቻው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድገው ትንሹ ፖሜራኒያንም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ወንድ ሃስኪ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ16 እስከ 23። ማላሙት ግን 38 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ «ትልቅ ሃስኪ» ተብሎ የሚሸጥ ባለ 40 ኪሎ ውሻ ወይ ማላሙት ነው፣ ወይ ክልስ ነው፣ ወይ ከልክ በላይ ወፍሯል። ፖሜራኒያን ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፍም። የሃስኪ ሰማያዊ ዓይንም በሽታ አይደለም። በ2018 የወጣ የዘረ መል ጥናት ምንጩን አግኝቷል፤ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ከአንድ ዘረ መል አጠገብ የተደገመ ክፍል ነው። አንዱ ዓይን ሰማያዊ ሌላው ቡናማ ቢሆንም ውሻው በሁለቱም ያያል።

ታሪካቸው

በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ በዞኾቭ ደሴት የተገኘ የ9,500 ዓመት የውሻ አጥንት ከዛሬዎቹ ጋሪ ጎታቾች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ተረጋግጧል። ሃስኪን ያረባው የሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የቹክቺ ሕዝብ ነው። ማላሙት የአላስካ ኢኑፒያቶች ውሻ ነው። ሳሞይድ ደግሞ አጋዘን ከሚያረቡት ኔኔቶች የመጣ ነው።

ሃስኪ ለውድድር ወደ አላስካ የተሻገረው በ1908 ገደማ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በአንድ ሳምንት ሥራ ነው። በእኛ አቆጣጠር በጥር 1917 ዓ.ም (በፈረንጆች 1925)፣ ጥምቀትን ባከበርንበት ሰሞን፣ ኖም በምትባል የአላስካ ከተማ ዘጊ አናዳ ገባ። ጉሮሮ ዘግቶ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ ነው። ወደቡ በበረዶ ተዘግቷል፤ የዚያን ዘመን አውሮፕላን ያን ብርድ አይደፍርም። መድኃኒቱ በባቡር እስከ ኔናና ከተማ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለውሾች ተተወ።

ጥር 19 ሌሊት ከኔናና የተነሳው መድኃኒት ጥር 25 ሊነጋጋ ሲል ኖም ገባ። 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱ። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ በላይ ወርዶ ነበር። ረጅሙን መንገድ የሮጠው ኖርዌይ ተወላጁ ሊዮንሃርድ ሴፓላ የሚነዳው ቡድን ነው። ፊታውራሪው ቶጎ የሚባል 12 ዓመት ገደማ የሆነው ሃስኪ ነበር። ቶጎ ከኖም ተነስቶ፣ በረዶ የሠራውን የኖርተን ሰላጤ ሄዶ ተመልሶ፣ በድምሩ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጧል። የመጨረሻውን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሸፈነው በባልቶ የሚመራው የጉናር ካሰን ቡድን ነው። ከተማ የገባው ባልቶ ስለሆነ ሐውልቱ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ለባልቶ ቆመ። የባልቶን ድርሻ አላሳንስም። ዋናው ክብር ግን ለቶጎ ይገባ ነበር፤ ርቀቱን ላየ ሰው ክርክር የለውም።

ሃስኪ በአሜሪካ የውሻ ዘር መዝገብ የገባው በ1930 ነው፤ ማላሙት በ1935 ተከተለው። ፖሜራኒያንን ያስወደደችው በ1888 ከጣሊያን ጉዞዋ ይዛ የተመለሰችው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ነች። በአዲስ አበባ ስሙ የተረፈ የፈረንጅ ውሻ ቢኖር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ነው፤ ዘሩ ግን ቺዋዋ ነው።

አየሩና ፀጉሩ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሱሉልታም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሰው በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል፤ ያኔ ሃስኪ ቤቱ ክፍት ሆኖለት ደጅ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ወደ አቃቂ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል። ወደ አዳማ በፈጣን መንገድ የሚወስዱት ሰዎች መጠንቀቅ አለባቸው። የቆመ መኪና ውስጥ ውሻ አይተውም፤ መስኮቱ ገርበብ ቢልም አይተውም።

ፀጉራቸው ድርብ ነው። ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰ። እንደ ሣር ክዳን ጎጆ ብርዱንም ፀሐዩንም ያስቀራል። ስለዚህ «ሞቀው» ብሎ መላጨት ትልቅ ጥፋት ነው። የደጋ ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ የተላጨ ቆዳ ይቃጠላል። በተለይ ፖሜራኒያን አንዴ ከተላጨ ፀጉሩ ተበላሽቶ ሊበቅል ወይም ጭራሽ ላይበቅል ይችላል።

የፀጉር መርገፍን የሚመራው የቀኑ ርዝመት ነው። ኖም ላይ የሰኔ ቀን ከ20 ሰዓት ያልፋል፤ የታኅሣሥ ቀን 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ በአንድ ጊዜ ከመርገፍ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ቢረግፍ አይገርምም። ማበጠሪያው ጥርሱ ረጅም መሆን አለበት። ፀጉሩን በእጅ ከፍሎ ቆዳው እስኪታይ ድረስ ከሥር ጀምሮ ማበጠር ነው። ላይ ላዩን ብቻ ከተበጠረ ከሥር ያለው ተቆላልፎ ይቀራል፤ ከጆሮ ጀርባና ከጭኑ ኋላ ሲዳስሱት እንደ ቋጠሮ ይሰማል።

ቶሎ ቶሎ ማጠብ አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ በሚጠበቅበት ሰፈር ይህ መልካም ዜና ነው። ክረምት ላይ ግን ችግሩ ይገለበጣል። በዝናብ የራሰ ድርብ ፀጉር በራሱ ቶሎ አይደርቅም። ታፍኖ ሲውል ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ከጭቃ ሲገባ በፎጣ ማድረቅ፣ መብራት ካለ በፀጉር ማድረቂያ ማገዝ ያሻል።

ምግብ

ብዙው ሃስኪ የሚበላሸው እዚህ ነው። የተለመደው የግቢ ውሻ ምግብ ፉርሽካ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የእንጀራ ትራፊና ከሥጋ ቤት የሚመጣ ቅንጥብጣቢ ነው። የአበሻ ውሻ በዚህ ይኖራል። ሃስኪና ማላሙት ግን ዚንክ የተባለውን ማዕድን ከምግብ መምጠጥ የሚያቅታቸው በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል። በእህል ሽፋን ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ ዚንኩን አስሮ ይይዘዋል። ፉርሽካ በፋይቴት የታወቀ ነው።

ምልክቱን ማወቅ አያስቸግርም። መጀመሪያ በዓይኑ ዙሪያ ፀጉሩ ይሳሳል። ከዚያ ቆዳው ይቀላና ግራጫ ቅርፊት ይሠራል፤ ከንፈሩ ዳርና አፍንጫው ላይ ይዛመታል። ባለቤቱ እከክ መስሎት የከብት መርፌ ያስወጋል። ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት ለውሻ ሲሰጥ ሊመርዘው ይችላል፤ ቅርፊቱም አይለቅም። ሐኪም አይቶ ዚንክ ካዘዘና ምግቡ ወደ ሥጋ፣ ዕንቁላልና ዓሣ ካዘነበለ ብዙዎቹ ይድናሉ። ዚንክም ከልኩ ካለፈ ይመርዛል፤ በራስ ግምት አይሰጥም። እንጀራ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ከፉርሽካ ይሻላል፤ ለብቻው ግን ምግብ አይሆነውም።

ወጥ ለማንኛውም ውሻ አይሰጥም። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አኪታና ሺባ ከሌሎቹ የባሰ በቀላሉ ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ሁለት ወቅቶች በተለይ ይታሰብባቸው። አንደኛው ሁዳዴ ነው። ለ55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ቅንጥብጣቢው ይጠፋል፤ ውሻውም ባለቤቱ ሳያስበው አብሮ ይጾማል። ዕንቁላል አለ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፤ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ሁለተኛው በዓሉ ራሱ ነው። በጉ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ አይወረወርም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ከረጢቱ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ በፀጉሩ በኩል ወደ ልጆች እጅ ይመጣል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ውሻውን በየጊዜው የትል መድኃኒት ማስወሰድ ለቤተሰቡም ነው።

ሥራና አጥር

ሃስኪ የተፈጠረው ለመሮጥ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ሃስኪ ያላዝናል፣ ይቆፍራል፣ ያገኘውን ይቀዳድዳል። ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሯጮቻችን ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወጡበት ሰዓት ማለት ነው። ከብስክሌት ጋር በደረት ማሰሪያ እየጎተተ ቢሮጥ ይወዳል። ከቆላ የመጣ ውሻ በከፍታው ምክንያት መጀመሪያ ቶሎ ይደክማል የሚሉ አሉ። እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ቀስ እያሉ ማለማመዱ አይጎዳም።

ለጥበቃ ብሎ ሃስኪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለሌባም ጭራውን ይቆላል። በግና ዶሮ ሲያይ ግን ሌላ ፍጡር ነው። በዳርቻው ሰፈር የገበሬ በግ ደጅ ላይ ስለሚግጥ አንዴ ያመለጠ ሃስኪ ጎረቤት ያቀያይማል፤ ካሣም ያስከፍላል።

አጥሩ ቢያንስ 1.8 ሜትር ይሁን። ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ብሎኬት ወይም ድንጋይ ይቀበር። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለው በእንጦጦና በሱሉልታ በኩል ቃል በቃል ይሠራል። ጅቡ ሌሊት ይዞራል፤ በተቆፈረ ቀዳዳ ይገባል፣ ውሻውንም ይበላል። ማታ ውሻው በሚዘጋ ቤት ይደር።

ጤናና ቡችላ መግዛት

የአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ የቆየ ታሪክ አለው፤ የ1903ቱ ወረርሽኝ ተመዝግቦ ይገኛል። ባለቤት የሌለው ውሻ በሚበዛበት ዳርቻ ክትባቱ ግዴታ ነው፤ በ3 ወር ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያጥብና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከሣር ሜዳ መልስ በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ውስጥ መዥገር ይፈለግ፤ በድርብ ፀጉር ውስጥ በዓይን ብቻ አይገኝም፣ በጣት መዳሰስ ነው። ፖሜራኒያን የመተንፈሻ ቧንቧው ደካማ ስለሆነ በአንገቱ አይጎተት፤ የደረት ማሰሪያ ይሁንለት።

ለከባድ ሕመም ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። አገሪቱ የምትመካባቸውን ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ያፈራ ቤት ነው። ጠዋት በጊዜ መነሳት ይሻላል፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ይሞቃል።

ቡችላ የሚሸጠው በብዛት በቴሌግራምና በመንገድ ዳር ነው። ከ8 ሳምንት በታች ከሆነ አይገዛም። እናቱን ለማየት ጠይቁ፤ ሻጩ ሰበብ ካበዛ ተዉት። የክትባት ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የሐኪሙን ማኅተምና የብልቃጡን ምልክት ተመልከቱ። ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ ቫይረስ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል፤ አፈር ውስጥም ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በግቢያችሁ በቅርቡ በፓርቮ የሞተ ቡችላ ካለ አዲሱ የመጨረሻ ክትባቱን በ16 ሳምንት አካባቢ ሳይጨርስ አይግባ።