በሆኪ «የመጀመሪያ ምርጫ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እሁድ ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎካችን ሥር የዕቁብ ዕጣ ስናወጣ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «አጎቴ፣ ገና ያልመረጡትን ተጫዋች እንዴት ይሸጡታል?» አለኝ። የሚያነበው ስለ ሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው። «ምርጫ» የሚሉት ተጫዋቹን ሳይሆን ተራውን ነው። 32ቱ ክለቦች በየዓመቱ በ7 ዙር ወጣቶችን ይመርጣሉ፤ ደካሞቹ ቅድሚያ ያገኛሉ፣ አንደኛው ተራ ግን በዕጣ ይለያል። ተራው እንደ ዕቁብ ዕጣ ለሌላ ሊለቀቅ ይችላል። ያኔውኑ ዕጣ የወጣላት ጎረቤታችን፣ የልጇ ሠርግ ለደረሰባት እናት ወረቀቷን ስትሰጥ አሳየሁት።

ይለወጥ ወይስ ይያዝ? ቡድኑ ገና የሚገነባ ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልለቅም፤ ጎበዝ የ18 ዓመት ልጅ ለዓመታት ያገለግላል። የሚሰጡት ካሳ ከበዛ ግን ሌላ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1991 የካናዳው ክለብ ኩቤክ ኤሪክ ሊንድሮስን አንደኛ መረጠ፤ ልጁ እዚያ አልጫወትም አለ። በ1992 ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሰጥቶት ፒተር ፎርስበርግን ጨምሮ ብዙ ተጫዋቾች፣ የምርጫ ተራዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። እዚህ ላይ የተለወጠው ተራው ሳይሆን የተመረጠው ልጅ መሆኑን ልብ በሉ። የኩቤኩ ክለብ በ1995 ወደ ኮሎራዶ ተዛወረ፤ በ1996 የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ።