ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ

በደብረ ብርሃን ገበያ ፖሊስ አንድን ሰው ሲይዝ «ሌባው ተያዘ» መባሉ የተለመደ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን ያ ሰው ገና ተጠርጣሪ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይባላል፤ ጥፋተኛ የሚሰኘው ግን ፍርድ ቤት ማስረጃውን መዝኖ ሲወስን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የተጠርጣሪን ፎቶግራፍ «ወንጀለኛ» ብሎ መለጠፍ፣ በእኔ እይታ፣ በጥንቱ የሌባ ሻይ (ሌባ የማፈላለጊያ) ልማድ መድኃኒት የጠጣው ልጅ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ከማለት ብዙም አይርቅም። ስሕተቱ ይበልጥ የሚከብደው በሞት ቅጣት ላይ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 እንደሚለው፣ ቅጣቱ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም፣ በአደባባይ በስቅላት መፈጸምም ክልክል ነው።